ለወገብ ሕመም ሁለተኛ ሐኪም

የገበሬ ኑሮ በወገብ ነው። ማረሱ፣ ማጨዱ፣ እንጨት መፍለጡ፣ ጭነት ማንሣቱ ሁሉ ወገብ ይፈልጋል። ወገቡ የታመመ ገበሬ በሬና ዘር እያለው መሬቱ ጦም ሊያድርበት ይችላል።

አንድ ገበሬ እናስብ። የጤፍ ነዶ ተሸክሞ ሲነሣ ወገቡን ያመዋል። በማግሥቱ ሕመሙ ከዳሌው ወደ ባቱ፣ ከባቱም ወደ እግሩ ጣት ይወርዳል። ሲያስለው ይብስበታል። ከተማ ሄዶ ሲመረመር ሐኪሙ፣ «ዲስክዎ ተንሸራቷል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል» ይለዋል። ገበሬው ተጨንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «በሬዬን ሸጬ ልታከም? ወይስ ልተወው?» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ያስባል። ይህ ሰው ምን ማድረግ ይሻለዋል?

በመጀመሪያ ዲስክ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። የጀርባችን አጥንት አንድ ወጥ በትር አይደለም። ከአንገት እስከ ወገብ 24 ትንንሽ አጥንቶች ተደራርበው ይገኛሉ። በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ልስልስ ነገር ዲስክ ይባላል። አህያ ስትጫን ጀርባዋ እንዳይገጠብ ከጭነቱ ሥር ጨርቅ ይነጠፋል። ዲስክም እንደዚሁ አጥንቶቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋጩ ይጠብቃል። ዙሪያው ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን ዝልግልግ ነው። ዙሪያው ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይወጣል። አጠገቡ ያለውን ነርቭ ሲነካው ወይም ሲጫነው እግር ድረስ ያማል። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የታችኛው ወገብ ሁለቱ ዲስኮች ናቸው።

ይህ ሕመም ያስፈራል እንጂ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥ ይሻለዋል። የወጣው ዲስክ ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል። እስከዚያው ከባድ ነገር አለማንሣት፣ አልጋ ላይ ብዙ ቀን አለመተኛት፣ እንደ አቅም መራመድ፣ ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ መውሰድ ይረዳል።

ቀዶ ጥገናስ? እሱም ይጠቅማል። ነገር ግን ለሁሉም አይደለም። በኖርዌይ አገር በ126 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ታትሟል። ገሚሶቹ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ገሚሶቹ አልተደረገላቸውም። ከ1 ዓመት በኋላ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ተሽሏቸው ተገኙ። ከ4 ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ። 10 ዓመት ሲሞላ ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ሆኑ።

ፎቶግራፍም ብቻውን አይፈርድም። ተራው ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን አያሳይም። ዲስክን የሚያሳየው ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ በ1994 በታተመ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች በዚህ መሣሪያ ታይተው ነበር። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ከቦታው የወጣ ወይም ያበጠ ዲስክ ተገኘ። ስለዚህ ፎቶው ከሕመሙ ጋር መስማማቱን ሐኪሙ ማየት አለበት።

እንግዲህ ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባል የለ? አንዳንድ ሰው «ሐኪሙን መናቅ ይመስልብኛል» ብሎ ያፍራል። ይህ ንቀት አይደለም። ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ አይቀየምም። የምርመራውን ወረቀትና ፎቶ ተቀብሎ ወደ ሌላ የአጥንት ወይም የነርቭ ሐኪም መሄድ ይቻላል። እዚያም ሳይፈሩ መጠየቅ ነው፦ ፎቶው ከሕመሜ ጋር ይስማማል ወይ? ብጠብቅ ምን ይደርስብኛል? ቀዶ ጥገናው ምን ይጠቅመኛል? ጉዳትስ አለው ወይ? ስንት ጊዜ ከሥራ ያስቀረኛል? ሁለቱ ሐኪሞች ካልተስማሙ የእያንዳንዱን ምክንያት ጠይቆ ማመዛዘን ይገባል። ሕመምንም ሳይደብቁ መናገር ያሻል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።

ሆኖም ጊዜ የማይሰጥ ምልክት አለ። ሽንት እንቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫና የጭን መካከል ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሌላ ሐኪም ፍለጋ መዞር አይገባም። መዘግየት ለዘለቄታው አካለ ስንኩል ሊያደርግ ይችላል። እንዲህ የታመመን ወገብ ወጌሻ እንዲስበው ወይም እንዲረግጠው ማድረግም አደገኛ ነው።

ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ሽንቱ ደህና ነው፤ እግሩም አልዛለም። እንግዲያው በሬውን ለመሸጥ አይቸኩል። ሕመሙንም ቸል አይበል። ወረቀቱን ይዞ ሁለተኛ ሐኪም ይጠይቅ። ሁለተኛውም «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል» ካለው ልቡ አምኖ ይገባበታል። «መጠበቅ ይሻላል» ካለው ደግሞ በሬውም ወገቡም ለሚመጣው ክረምት ሊተርፉለት ይችላሉ።