«ሐሞቱ አብጧል» ሲባል

ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ ወጣት አልትራሳውንድ ተነሥቶ ወጣ እንበል። ወረቀቱ ላይ የሐሞት ከረጢቱ ግድግዳ ውፍረት 9 ሚሊ ሜትር መሆኑ ተጽፏል። ሰው ጾሞ ሲለካ ጤናማው ልክ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ወረቀቱ ከእናት ወደ አጎት፣ ከአጎት ወደ ጎረቤት ይዞራል። «ሐሞቱ አብጧል፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ ይፈነዳል» የሚል አይጠፋም፤ ቤቱም ይሸበራል።

ብዙ ጊዜ ግን የታመመው ሐሞት ከረጢቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ጉበት ነው።

ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ተለጥፎ የሚኖር፣ ጉበት የሚያመነጨውን ሐሞት የሚያጠራቅም ትንሽ ከረጢት ነው። ጉበት በሄፓታይተስ ኤ፣ ቢ ወይም ኢ ቫይረስ በድንገት ሲቆጣ የሚያመነጨው ሐሞት ይቀንሳል። ከረጢቱም የሚሞላው አጥቶ ይጨማደዳል፤ ባዶ ስልቻ ሲታጠፍ ቆዳው እንደሚወፍር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቁጣው ከጉበት ወደ ግድግዳው ይሻገርና ግድግዳው ውሃ ይቋጥራል፤ በአልትራሳውንድም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ይታያል። በዙሪያው ጥቂት ፈሳሽ፣ በውስጡም የረጋ ሐሞት ሊኖር ይችላል። በሄፓታይተስ ኤ ሕመምተኞች ላይ የቫይረሱ አሻራ በራሱ በከረጢቱ ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ የተገኘበት ጊዜም አለ።

«ግድግዳው ከወፈረ ጠጠር አለ ማለት ነው» የሚለው እምነትም እንዲሁ ልክ አይደለም። ጠጠር በአልትራሳውንድ ራሱን ችሎ ይታያል፤ ያበራል፣ ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል፣ ሕመምተኛው ጎኑን ሲቀይርም ብዙ ጊዜ አብሮ ይንከባለላል። ጠጠር አፉን የዘጋው ከረጢት መውጫ ስለሚያጣ ይወጠራል፤ በሄፓታይተስ ጊዜ ያለው ደግሞ በአብዛኛው የተሸበሸበ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን በቀጥታ ከረጢቱ ላይ ሲጫን ሕመምተኛው ከሁሉ ይልቅ እዚያች ነጥብ ላይ ካመመው የሐሞት ከረጢት ቁጣ ይጠረጠራል፤ ጉበት ሲታመም ግን ሕመሙ በቀኝ ጎድን ሥር ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነው። የደም ምርመራውም ይናገራል። ኤ.ኤል.ቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም በድንገተኛ ሄፓታይተስ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ይዘላል፤ በሐሞት ከረጢት ቁጣ ግን ቢጨምርም በጥቂቱ ነው። በእርግጥ ወደ ሐሞት ቧንቧ የወረደ ጠጠርም ለአጭር ጊዜ ይህን ቁጥር ሊያንረው ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቧንቧው አለመስፋቱን ሳያይ አይፈርድም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ጉበቱ በከባዱ የተቆጣ ሰው ማደንዘዣና ቢላ በቀላሉ አይችልም፤ ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራ፣ መድኃኒት የሚያጣራም አካል ነውና። ስለዚህ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ጉበቱ እስኪያገግም ይቆያል። ያለ ጠጠር የሚመጣ የከረጢት ቁጣ በሄፓታይተስ ኤ ምክንያት አልፎ አልፎ ይከሰታል፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቢላ ይድናል። ይህ ሲባል ግን ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ የሚል ስሜት፣ የማይለቅ የጎን ሕመም፣ የመደንዘዝና የመቃዠት ሁኔታ ወይም ደም መፍሰስ ያለበት ሰው ቤት ይቀመጥ ማለት አይደለም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሌላው ስሕተት አልትራሳውንድ ሁሉን ያውቃል ብሎ ማመን ነው። ምስሉ ጤናማ የሆነ ሰው ሄፓታይተስ ሊኖርበት ይችላል፤ የትኛው ቫይረስ እንደያዘውም የሚለየው የደም ምርመራ ብቻ ነው። በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው የሚልም ብዙ ነው። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ግን በተበከለ ውሃና ምግብ፣ ቢ ደግሞ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ የተነሣው የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ በተበከለ ውሃ የመተላለፉ ምሳሌ ነው። ይህ ቫይረስ በተለይ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ላይ ላለች እናት ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ሥር እየቀጠቀጡ ማቆየት ትልቅ አደጋ ነው።

በልቶ አልትራሳውንድ መነሣትም ውጤቱን ያሳስታል። ምግብ ሲገባ ከረጢቱ ሐሞቱን ጨምቆ ስለሚያወጣ የጤነኛው ግድግዳ እንኳ ወፍራም ይመስላል፤ ለዚህም ነው ከምርመራው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት መጾም የሚያስፈልገው።

ሄፓታይተሱ እየዳነ የጉበት ኢንዛይሙ ሲወርድ ግድግዳውም ይሳሳል፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለሳል። ጉበቱ አገግሞ ግድግዳው አሁንም ወፍራም ከሆነ ግን ሐኪሙ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ልብ ደክሞ እንደሆነ፣ ኩላሊት ታሞ እንደሆነ፣ የደም ፕሮቲን አንሶ እንደሆነ፣ ወይም በመጀመሪያው ምርመራ ያልታየ ጠጠር እንዳለ ይመረምራል።