በሥራ ላይ ያለ የባንክ ሶፍትዌር እንዴት ይጠበቃል?

በደቡብ ወሎ ዞን ቦረና ወረዳ፣ መካነ ሰላም ገበያ ጤፉን የሸጠ አርሶ አደር ዛሬ ገንዘቡን ቋጥሮ ላይመለስ ይችላል። ዋጋው በስልክ ወደ ሒሳቡ ይገባል፤ ማረጋገጫውም አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ከመልእክቱ ጀርባ ያለው ሶፍትዌር ቢሳሳትስ?

ሥጋቱ መላ ምት አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። አገልግሎቱ ለሰዓታት ሲቋረጥ ጥፋት የሌለበት ደንበኛም ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አልቻለም። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። ያለአግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደነበር፣ አብዛኛው እንደተመለሰም አስታውቋል።

ሶፍትዌር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈተሻል። ይሁን እንጂ ፈታሾች ያላሰቡት አጋጣሚ አይጠፋም። ስለዚህ ባለሙያዎች ሌላ ዘዴ ያክላሉ፤ ይኸውም ዋናው ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ከተደነገገለት ደንብ እንዳይወጣ የሚከታተል ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ነው።

ዘዴው ለዕቁብተኛ እንግዳ አይደለም። በዕቁብ አንድ ዕጣ የያዘ ሰው አንዴ ከደረሰው ዙሩ እስኪያልቅ ዳግመኛ አይደርሰውም። ጸሐፊው የደረሳቸውን መዝግቦ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሙን ከመዝገቡ ያመሳክራል። ተቆጣጣሪ ፕሮግራምም ይህንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ ደንቡ ለሁለት ትርጉም በማይመች የሒሳብ ቋንቋ መጻፉ ነው። ለባንክ ሲሆን «ወጪ የሚሆነው ገንዘብ ከቀሪ ሒሳብ አይበልጥም» የሚለው አንዱ ደንብ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ሊጣስ ሲል ተቆጣጣሪው ክፍያውን ያግዳል ወይም ባለሙያ ይጠራል።

እንዲህ ያለው ማመሳከር ሕይወትንም ይመለከታል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ሶፍትዌር፣ የአንድ ጠቋሚ መሣሪያን የተሳሳተ ንባብ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ገፍቷል። በተሻሻለው ሶፍትዌር የሁለት መሣሪያዎች ንባብ ይነጻጸራል፤ ልዩነታቸው ከተወሰነው ልክ ካለፈ ያ ሥርዓት ሥራ አይጀምርም።

ዘዴው ግን ገደብ አለው። ተቆጣጣሪው የሚጠብቀው የተጻፈለትን ደንብ ብቻ ነው፤ የተዘነጋውን አይጠብቅም። ማመሳከሩም ጊዜና የኮምፒውተር አቅም ስለሚወስድ፣ የትኛው ደንብ ሳያቋርጥ ይጠበቅ የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ደንበኛም ድርሻ አለው። ከእያንዳንዱ ክፍያ በኋላ የቀድሞውን ቀሪ ሒሳብ፣ የገባውን ወይም የወጣውን ገንዘብና የአገልግሎት ክፍያውን ማመሳከር፣ መልእክቱንም አለማጥፋት ይገባል። ሒሳቡ ቢጎድልም ሆነ ቢተርፍ ለባንኩ ቅርንጫፍ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ በስሕተት የገባ ገንዘብ ተመላሽ ነውና።