ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነቃው ኔትወርክ ካርድ

ማዘርቦርድ ላይ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ሥራ የሚጀምር ትንሽ ፕሮግራም አለ። በቆዩት ማሽኖች ባዮስ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል፤ በተለምዶ ግን ሁለቱም ባዮስ ነው የሚባሉት። ኔትወርክ ካርዱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ኮምፒውተሩም በኔትወርክ በኩል ይነሳ አይነሳ የሚወሰነው እዚህ ነው። እዚህ የተዘጋ ካርድ ለዊንዶውስ ጭራሽ አይታየውም፤ ድራይቨር ቢጫን ቢነቀል ለውጥ የለም።

ወደ ባዮስ ለመግባት፣ ማሽኑ እንደተከፈተ የአምራቹ ዓርማ ከስክሪኑ ሳይጠፋ፣ ዴል ላይ ኤፍ 2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፣ በብዙ ተገጣጣሚ ማሽኖች ላይ ዲሊት መላልሶ ይጫናል። ካርዱ «ኦንቦርድ ላን» ወይም «ኢንተግሬትድ ኒክ» በሚል ስም ይገኛል። ብዙ የዴል ማሽኖች ሦስት ምርጫ ያቀርባሉ፦ ዝግ፣ ክፍት፣ ክፍት ከፒኤክስኢ ጋር።

ፒኤክስኢ ኮምፒውተር ያለ ሃርድ ዲስክና ያለ ፍላሽ፣ በኔትወርክ ኬብል ብቻ እንዲነሳ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ኢንቴል 2.1 የተባለውን ዝርዝር ያወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ካርዱ ማክ አድራሻውን፣ ማለትም የራሱን መለያ ቁጥር፣ ይዞ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ ይጣራል። የዲኤችሲፒ ሰርቨር አይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የማስነሻ ፋይሉ ስምና ያለበት ቦታም ይነገረዋል፤ ፋይሉን በቲኤፍቲፒ ያወርድና ይነሳል። የአንድ ትምህርት ቤት 40 ኮምፒውተሮች ላይ ፍላሽ ይዞ ሳይዞሩ ዊንዶውስ መጫን የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ የማይፈልግ ሰው ከፒኤክስኢ ጋር የሚተዋወቀው ግን በክፉ ቀን ነው። ላፕቶፑ ሲከፈት ስክሪኑ ይጠቁርና «ፒኤክስኢ-ኢ61» የሚል ኮድ ከ«ቼክ ኬብል» ጋር ይጽፋል። ባለቤቱ ዋይፋይ እንጂ ኬብል ተጠቅሞ አያውቅም። መልእክቱ አይዋሽም፣ የሚጠቁመው ግን ወደ ተሳሳተ ቦታ ነው። ባዮስ የመነሻ ተራ አለው፤ ሃርድ ዲስኩ መልስ ካጣ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ኔትወርኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ኬብሉ ሳይሆን ዲስኩ ነው። ባዮስ ውስጥ የዲስኩ ስም ካልተገኘ፣ ወይ ከመሰኪያው ላልቷል ወይ ሞቷል፤ ውስጡ የሚፈለግ ፋይል ካለ ማሽኑን ደጋግሞ ማብራት ማጥፋቱ ይቅር። ስሙ ካለ ተራው ተዛብቶ ወይም የዊንዶውስ ማስነሻ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል። ዴስክቶፕ ላይ ተራውን ከሚያዛቡት አንዱ ማዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጠው ባለ 3 ቮልት ሳንቲም መሰል ባትሪ ናት፤ ስትደክም ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል፣ ሰዓትና ቀኑም ዓመታት ወደኋላ ይሄዳል። ፒኤክስኢን ዘግቶ መልእክቱን ማጥፋት ይቻላል፤ በሽታው እያለ ትኩሳቱን እንደ ማስታገስ ነው።

በእርግጥ በኔትወርክ ለመነሳት ሲሞከር ግን እያንዳንዱ ቁጥር ጥሪው የት እንደተቋረጠ ይናገራል። ኢ61 ኬብሉ ጋ ነው፤ መሰኪያው ላይ ያለችው መብራት መብራቷ ይታያል። ኢ51 ካርዱ ተጣርቶ አድራሻ የሚሰጠው ማጣቱ ነው፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ኬብሎቹን የሚያገናኘው ስዊች አዲስ የተሰካውን መስመር ለመክፈት 30 ሰከንድ ያህል ሲያጣራ ካርዱ ተስፋ ቆርጦ። ኢ53 ደግሞ አድራሻው ተገኝቶ የፋይሉ ስም ሲቀር ነው፤ እዚህ ኬብል መቀየር ከንቱ ድካም ነው፣ የሚስተካከለው ሰርቨሩ ነው።

እዚያው ባዮስ ውስጥ «ዌክ ኦን ላን» የሚባለውም ይገኛል፤ የጠፋ ኮምፒውተር ከሌላ ክፍል የሚቀሰቀስበት ነው። ለዚህ የሚላከው መልእክት 102 ባይት ብቻ ነው፤ 6 ባይት መቀስቀሻ፣ ከዚያ የካርዱ ማክ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ። እንዲሰማ ግን ማሽኑ ጠፍቶም ካርዱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ከጀርባው የኬብሉ መብራት ካልበራ፣ ባዮሱ ውስጥ «ዲፕ ስሊፕ» ወይም «ኢአርፒ» የሚባለው ኃይል ቆጣቢ ምርጫ በርቶ ሊሆን ይችላልና እሱን መዝጋት ነው።