ከፒዲኤፍ ውስጥ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ማውጣት

ከፒዲኤፍ ሪፖርት ላይ የእህል ዋጋ ሠንጠረዥ ኮፒ አድርጎ ኤክሴል ላይ ለመለጠፍ የሞከረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። ዓምዶቹ ተጨፍልቀው አንድ ይሆናሉ፣ የእህሉ ስም ከዋጋው ይለያያል፣ በሁለት መስመር የተጻፈው ርእስ ሁለት ረድፍ ሆኖ ይመጣል። ብዙዎች ኤክሴልን ያማርራሉ። ችግሩ ግን ከሥሩ ነው፤ በአብዛኛው ፒዲኤፍ ውስጥ መጀመሪያውኑ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር የለም።

ፒዲኤፍ የተፈጠረው ለኅትመት ነው። የአዶቢ ኩባንያ መሥራች ከሆኑት አንዱ ጆን ዋርኖክ በ1991 እ.ኤ.አ. «ካሜሎት» በሚል የፕሮጀክት ስም ሐሳቡን ሲያቀርቡ የፈለጉት አንድ ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ መልኩን ሳይቀይር እንዲወጣ ነበር። በ1993 ለገበያ ቀረበ፤ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። መልክ በመጠበቅ በኩል የሚስተካከለው የለም። አሳቡ ሁሉ ያረፈው ግን በመልኩ ላይ ነው።

የአንድ ገጽ ውስጡ ሲከፈት የሚገኘው የሥዕል ትእዛዝ ነው። ልኬቱ ነጥብ ይባላል፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች ይሆናል፣ ቆጠራውም በተለምዶ ከገጹ ግራ ታችኛ ጥግ ይጀምራል። «ጤፍ 12,500» የሚል ረድፍ ቢኖር፣ ፋይሉ የሚለው ይህን ያህል ነው፦ ከግራ 72፣ ከታች 640 ላይ «ጤፍ»ን ሣል፤ ከግራ 310፣ ከታች 640 ላይ «12,500»ን ሣል። የሠንጠረዡ መስመሮች ለብቻቸው፣ አንዳንዴም ከጽሑፉ ርቀው፣ «ከዚህ እስከዚያ አስምር» ተብለው ተቀምጠዋል። ዋጋው የጤፍ መሆኑን የሚናገር አንድም ቃል የለም። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት እንኳ አንዳንዴ የክፍተት ምልክት የሌለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሰነዱን አወቃቀር በምልክት ማስገባት ቢቻልም፣ ይህን የሚያደርግ አዘጋጅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ መረጃ አውጪው ሶፍትዌር ሥራው ግምት ነው። እኩል ከፍታ ላይ ያሉትን አንድ መስመር ያደርጋል፤ ክፍተቱ ሰፋ ሲል አዲስ ዓምድ ተጀመረ ይላል። ለጋዜጠኞች ተብሎ የተሠራው ታቡላም ሆነ ስሙን ከዋርኖክ ፕሮጀክት የወሰደው በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራው ካሜሎት ሁለት የጋራ መንገድ አላቸው። «ላቲስ» የተሰመሩትን መስመሮች ይከተልና የሚገናኙበትን ቦታ እያየ ሣጥኖቹን ይለያል። «ስትሪም» ደግሞ መስመር በሌለበት በባዶ ቦታው ይመራል። ሠንጠረዡ በደንብ የተሰመረ ከሆነ ላቲስን መምረጥ ይሻላል። ስትሪም ተራርቀው የተጻፉ ቃላትን ሁለት ዓምድ፣ ተቀራርበው የተጻፉ ቁጥሮችን አንድ ዓምድ ሊያደርጋቸው ይችላል።

ነጋሪት ጋዜጣ ጥሩ ምሳሌ ነው። አማርኛውና እንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ዓምዱን ያልለየ ሶፍትዌር ከግራ ወደ ቀኝ በቀጥታ ሲያነብ፣ ግማሽ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር በግማሽ እንግሊዝኛ ያልቃል። መፍትሔው ገጹን መሐል ለመሐል ከፍሎ እያንዳንዱን ዓምድ ለየብቻ ማስነበብ ነው።

አማርኛ ሌላም ጣጣ አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ 256 ቦታ አልበቃ ስላለም አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ሰነድ ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ኮፒ ሲደረግ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይወጣል። መፍትሔው የፎንቱን ስም አውቆ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ መመለስ ነው። አድካሚ ቢሆንም የሚቻል ነው፤ የዚያ ዘመን መጻሕፍትና መዛግብት ደግሞ ልፋቱ ይገባቸዋል።

ሰነዱ ስካን ሲሆን ፊደልም የለበትም፤ ፎቶ ነው። ያኔ ከምስል ጽሑፍ የሚለይ ኦሲአር ያስፈልጋል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። ነገር ግን «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚለየው አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ናት፤ ስካኑ ከደበዘዘ እሷው ቀድማ ትጠፋለች። በ300 ዲፒአይ አጥርቶ ስካን ማድረግ በኋላ ከሚመጣው እርማት ብዙውን ያስቀራል።

በየትኛውም መንገድ ይውጣ፣ የወጣውን ቁጥር ሳያጣሩ መጠቀም አይገባም። ዓምዱን ደምሩና ሪፖርቱ ላይ ካለው ጠቅላላ ድምር ጋር አስተያዩት። ረድፎቹን ቁጠሩ። ባዶ የነበረ ሣጥን ጠፍቶ ቀጣዩ ቁጥር ወደ ግራ አለመሳቡን፣ በቅንፍ የተጻፈ ኪሳራ ትርፍ መስሎ አለመግባቱን እዩ።

ሪፖርት የምታወጡ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶችም ፒዲኤፉን ስትለቁ ቁጥሮቹ የተሠሩበትን የኤክሴል ፋይል አብራችሁ ልቀቁልን። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ነው።