አሰናብቶ ማሰር

ሠራተኛውን በቅነሳ ያሰናበተ ቀጣሪ «ተፎካካሪዬ ዘንድ እንዳትቀጠር» የሚል የውል አንቀጽ ሊመዝበት አይገባም። አንቀጹ የሚያስረው ምሥጢር አዋቂ ኃላፊዎችን ብቻ አይደለም፤ ጂሚ ጆንስ የተባለው የአሜሪካ ሳንድዊች ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በዐቃቤ ሕግ ግፊት እስኪተወው ድረስ፣ ሳንድዊች የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ከወጡ በኋላ ለ2 ዓመት በአቅራቢያው ባለ ሌላ ሳንድዊች ቤት እንዳይሠሩ ያስፈርም ነበር።

«ምሥጢራችን ቢወጣስ?» የሚለው የቀጣሪዎች ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ለዚያ ግን የንግድ ምሥጢር ሕግ አለላቸው። ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ውል ከ1872 ጀምሮ ዋጋ አሳጥታዋለች፤ ሲሊከን ቫሊ ያደገው ግን እዚያው ነው። በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የዋሽንግተን ግዛት ሕግም፣ በቅነሳ የወጣን ሠራተኛ ማገድ የፈለገ ቀጣሪ፣ ሠራተኛው ሌላ ቦታ የሚያገኘው ተቀንሶ፣ እገዳው እስኪያበቃ መሠረታዊ ደመወዙን እንዲከፍል ደንግጓል። ማገድ ዋጋ ካስከፈለ፣ ቀጣሪው የሚያግደው በእርግጥ የሚያሰጋውን ብቻ ይሆናል።