ፍርግርጉን ትፈትጋላችሁ፤ በርሜሉንስ?

ዛሬ ጥብስ ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። እኔም እበላለሁ።

በቅርቡ ወደ ደሴ ስንሄድ ምሳ ሸዋ ሮቢት በላን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ብርድ ተነስታችሁ በደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬቱም ሹራቡም ይወልቃል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ሮቢት ስትገቡ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበላችኋል፤ ከሙቀቱ ጋር የፍየል ጥብስ ሽታ። ምሳ ቤቱ በር ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል አራት የብረት እግር ተበይዶለት ቆሟል፣ ፍሙ ቀልቷል።

ጠባሹ ወጣት ነው። ሥጋውን ሊደረድር ሲል የሽቦ ብሩሽ አነሳና ፍርግርጉን ፈተግ ፈተግ አደረገው። ጽዳቱን አይቼ ደስ አለኝ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ድዴን የሆነ ነገር ወጋኝ። አጥንት መስሎኝ ነበር። ሳወጣው የጥፍር ርዝመት ያላት ቀጭን ሽቦ!

"ወንድሜ፣ ይቺ ከብሩሽህ የወጣች ናት" ብዬ አሳየሁት። ልጁ ደነገጠ። "ይቅርታ ጋሼ፣ ብሩሹ አርጅቷል" አለኝ።

ብውጣትስ ኖሮ? የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ ፕሮቪደንስ በምትባል ከተማ የጥብስ ብሩሽ ሽቦ ውጠው የተጎዱ 6 ሰዎችን ጠቅሷል። አንዳንዶቹን ጉሮሯቸው ላይ ወግቷቸው መዋጥ አቃታቸው፤ አንጀታቸው ተበስቶ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውም አሉ። ከዚያ በኋላ የተሠራ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2014 በአሜሪካ ብቻ ከ1,600 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ድንገተኛ ክፍል እንደሄዱ ገምቷል። እኛ ጋ ሲሆን "ጨጓራዬ ተነሳ" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ የከሰል ጥብስ ከበላችሁ በኋላ ስትውጡ የሚወጋ ሕመም ወይም የማይለቅ የሆድ ቁርጠት ከያዛችሁ ለሐኪሙ ጥብስ መብላታችሁን ንገሩት። ሽቦ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሊታይ ይችላል። ደረቅ ዳቦ እየዋጣችሁ ለመግፋት አትሞክሩ፤ ይበልጥ ሊሰካ ይችላል።

ታዲያ በምን እናጽዳው? ፍርግርጉ ገና ትኩስ እያለ በጠፍጣፋ ብረት ፋቁት። ከዚያ ግማሽ ሽንኩርት በረጅም ሹካ ወግታችሁ እሹበት። ሮቢት ላይ ሽንኩርት አይጠፋም መቼም! በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ፣ እጃችሁን ሳታቃጥሉ፣ ጥርግ አድርጉት። የግድ የሽቦ ብሩሽ የምትሉ ደግሞ ጸጉሩ መርገፍ የጀመረውን ጣሉት፣ ከፈተጋችሁም በኋላ መወልወሉን አትርሱ።

አሁን ወደ በርሜሉ ሆድ እንምጣ። ማንም የማያየው እሱን ነው። ጎኑ ላይ ጠቀርሻ ተጋግሯል፣ ሥሩ ላይ ስብና አመድ ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኗል። ክዳን ካለው ደግሞ ክዳኑ ውስጥ እንደ ቀለም እየተቀረፈ የሚወርድ ጥቁር ነገር አለ። ቀለም አይደለም፤ የስብ ጭስ ደርቆ ነው፣ ሥጋው ላይም ይረግፋል። ልጁን ስጠይቀው ሳቀና "እሱ እኮ ነው የሚያጣፍጠው ዶክተር" አለኝ። የሚያጣፍጠው የዛሬው ጭስ ነው እንጂ የአምናው ጠቀርሻ አይደለም! ስብ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ከሚወጣው ጭስ ውስጥ ቤንዞፓይሪን የሚባል ኬሚካል ይገኛል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከፈረጃቸው ነገሮች አንዱ ነው። አንድ ቁራጭ ጠቀርሻ በላሁ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ ጉዳዩ መጠኑና ድግግሞሹ ነው። የተጠራቀመው ስብ ግን ድንገት ተያይዞ የጠባሹን ፊት የሚለበልብ ነበልባል ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ደግሞ አይጥ ይጠራል።

አጸዳዱ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ አመዱን አውጡ፣ ግን በማግሥቱ ይሁን። የከሰል አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም እስከ 2 ቀን ሊቆይ ስለሚችል በማዳበሪያ ወይም በፌስታል ሳይሆን በክዳን ባለው ቆርቆሮ አድርጉት። የጎኑን ጠቀርሻ በስፓቱላ ፋቁት፤ ማስክና ጓንት ይኑራችሁ። ከዚያ በሙቅ ውኃና በላርጎ ወይም በኦሞ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በመጨረሻም በጨርቅ ስስ አድርጎ የምግብ ዘይት መቀባትና ፍም አድርጎ ማጋል ነው። የኑግ ወይም የተልባ ዘይት ሲግል ብረቱ ላይ ይደርቃል፣ ዝገትም ይከላከላል። አመድ እርጥበት ስለሚስብ ክረምት ላይ ውስጡ ከተዋችሁት ሥሩን ይበላዋል። በረኪና አትጠቀሙ፤ ብረቱን ያዝገዋል። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ከቀላቀላችሁት ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ዝገት ራሱ መርዝ አይደለም። "የዛገ ብረት ቆረጠኝ፣ ቴታነስ ይይዘኛል" ትላላችሁ፤ ቴታነስን የሚያመጣው አፈርና ፍግ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ እንጂ ዝገቱ አይደለም። ቁስሉን በውኃና በሳሙና እጠቡና ክትባታችሁን አረጋግጡ። ካቃጠላችሁም 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው መድኃኒቱ። ኮልጌት፣ ሊጥ፣ ቅቤ ይቅርባችሁ!

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ግን ሽቦዋ ብቻ አይደለችም። አንዲት ተከታታያችን በውስጥ መስመር "ዶክተር፣ ለልጄ ምርቃት ባዶ በርሜል አግኝተን ጥብስ መጥበሻ ልናሠራ ነው፤ በኦሞ አጥበን ፀሐይ ላይ ብናውለው ይበቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። በርሜሉ ምን ነበረበት? "እርሻ ላይ የነበረ ነው።"

እህቴ፣ ይቅርብሽ! ይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ የሚመረትበት አገር ነው፤ እርሻ ባለበት የተባይ መድኃኒት አለ። የኬሚካል ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል ተበስቶ ነው መወገድ ያለበት። በኦሞ አይለቅም፣ ሲግል ደግሞ በጭስ መልክ ይወጣል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች ሰውን ሲመርዙ ለሃጭና እንባ ማብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ሲብስም ትንፋሽ ማጠር ያስከትላሉ። የምርቃት እንግዶች ላይ ይህን አስቡት። ነዳጅ የነበረበትም ቢሆን ሌላ ጣጣ አለው፤ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ተን በያጁ በግራይንደር ሲቆርጠው ሊፈነዳ ይችላል።

ነጭ የሚያብለጨልጭ ዚንክ የተቀባ ላሜራም ለፍም አይሆንም። ዚንኩ በኃይል ሲግል የሚወጣውን ጭስ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ወባ እንደያዘው ያንቀጠቅጠዋል። ቆላ ላይ ደግሞ ወባ ነው ተብሎ ሌላ ምርመራ ይጀመራል። ያልተቀባ ጥቁር ላሜራ ገዝታችሁ አሠሩ፤ ወፈር ያለ ይሁን፣ ሥሩ ላይ የአየር ቀዳዳ ይኑረው። ቀለም ካማራችሁ ከውጭ ብቻ፣ እሱም ሙቀት የሚችለውን።

በርሜል ቤታችሁ ካለና ምን እንደነበረበት ካልገባችሁ፣ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍና ምልክት ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እስከዚያው እሳት አታንድዱበት።