«በእሳት የተጫወተችው ልጅ»፦ «ይህማ አይሆንም» ለሚሉ አንባቢዎች

ስዊድናዊው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሰን ሦስት የወንጀል ልብ ወለዶች ጽፎ፣ አንዳቸውም ታትመው ሳያይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 በ50 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት አረፈ። «ሚሌኒየም» በሚል ስም ከታወቁት ከእነዚህ መጻሕፍት ሁለተኛው፣ «በእሳት የተጫወተችው ልጅ»፣ በስዊድንኛ በ2006፣ በእንግሊዝኛ በ2009 ወጣ። አንባቢ ግን ዛሬም አልተስማማበትም። (ውድ አንባቢያን፣ መጽሐፉን ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ምስጢሩን ስለማወጣ ከወዲሁ ይቅርታ።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። ለወሲብ ንግድ ስለሚጋዙ ሴቶች ሲመረምር የነበረ ጋዜጠኛ እና በዚሁ ጉዳይ የዶክትሬት ጥናት የጻፈች ጓደኛው ስቶክሆልም ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ይገኛሉ። ሽጉጡ ላይ የተገኘው የሊስቤት ሳላንደር አሻራ ነው። ከዚያ በኋላ አገር በሙሉ አንዲት ቀጭን ወጣት ፍለጋ ይወጣል።

የሚነቅፉት ምክንያት አያጡም። ታሪኩ ሞቅ እስኪል በግሬናዳ ደሴት ብዙ ገጽ ይሄዳል። ሳላንደር ለአዲሱ ቤቷ የገዛችው የቤት ዕቃ እንደ ደረሰኝ ተዘርዝሯል። ሕመም የማይሰማው ግዙፍ ሰው አለ። ጭራሽ ጀግናይቱ ጭንቅላቷን በጥይት ተመትታ፣ ከተቀበረችበት አፈሩን ቆፍራ ትወጣለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ለመዋጥ እኔም ውኃ አስፈልጎኛል።

የሚወዱት ደግሞ ከመጀመሪያው ያስበልጡታል። የመጀመሪያው የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ጓዳ ነበር። ሁለተኛው ግን የመንግሥትን ጓዳ ይከፍታል ይላሉ።

በእኛ ወገን ሌላ ቅሬታ ይሰማል። ላርሰን በ1977 ኤርትራ ሄዶ የሻዕቢያ ሴት ተዋጊዎችን የሞርታር አተኳኮስ እንዳሠለጠነ የቅርብ ሰዎቹ ተናግረዋል። ይህን የሰማ አንዳንዱ መጽሐፉን ሳይከፍት ይከድነዋል። የደራሲው ፖለቲካ ሌላ፣ የመጽሐፉ ሚዛን ሌላ ነው እላለሁ።

ከሁሉም ነቀፌታ የማልቀበለው አንዱን ነው። የጸጥታ ፖሊሱ ሴፖ ከሶቪየት የከዳ ሰላይን ለመሸሸግ ሲል የሰላዩን የ12 ዓመት ልጅ የአእምሮ ሆስፒታል ያስገባል፤ ልጅቷም ሳላንደር ናት። «በሕግ በሚተዳደር አገር ይህማ አይሆንም» የሚሉ አሉ።

እነዚህ ሰዎች 1973ን ቢያስታውሱ መልካም ነው። በዚያ ዓመት ያን ጊዩ እና ፔተር ብራት የተባሉ ጋዜጠኞች «ኢቤ» የተሰኘ ስውር የስለላ ድርጅት መኖሩን፣ በግራ ክንፍ ዜጎችም ላይ መዝገብ መያዙን አጋለጡ። የታሰሩት ሰላዮቹ አልነበሩም፤ ጋዜጠኞቹ ራሳቸው «በስለላ» ተከሰው ወኅኒ ወረዱ። ይህ የሆነው በስዊድን ነው!

በመንግሥት ጋዜጣ የአርታኢ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሌሎቹን ምዕራፎች በተለየ ዓይን ያነባል። ሳላንደር አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠየቅ ከፖሊስ ሾልኮ የወጣ የሕክምና መዝገቧ የፊት ገጽ ይሆናል። «ተጠርጣሪ» የሚለው ቃል በአንድ ሌሊት «አደገኛ ዕብድ» ይሆናል። በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለው ወሬ መሹለክ እንኳ አያስፈልገውም፤ ማኅተም ተመቶበት በመግለጫ ይመጣል።

ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ «እስቲ ቆዩ፣ ማስረጃው የታለ?» የሚል አንድ መጽሔት ይገኛል። በእውኑም ዓለም ጊዩ እና ብራት ታሰሩ፣ ተፈቱ፣ እዚያው አገራቸው ተቀምጠው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ጊዩ እንዲያውም የታወቀ የስለላ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነ። ከእኛ መካከል ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ እዚያው አገሩ ላይ የጻፈ ስንቱ ነው?